ሙራድና የሬዲዮው ሰላምታ

ጠዋት አሁን ወደምኖርበት ወልቂጤ ከቡታጅራ ተደወለልኝ። «ሙራድ አረፈ።» «የቱ ሙራድ?» አልኩ። ቡታጅራ ሙራድ ሞልቶ የለ? ሌላኛው በሆነ ብዬ ተመኘሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

የእኛው ነው። የእንግሊዝኛ መምህሩ። እስካሁን አላመንኩም።

ለማታውቁት፣ በኢህአዴግ ጊዜ፣ ሞባይል ገና ቡታጅራ ሳይገባ፣ እኔ ፊዚክስ እሱ እንግሊዝኛ እናስተምር ነበር። አንድ ቀን «የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ እናውጣ» አለኝ። ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ በገዛ ሬዲዮው ከዓለም ጋር የሚያወራበት ፈቃድ ነው፤ ፈተናው አዲስ አበባ ነው። «ዓለምን ሄጄ ካላየሁት ቢያንስ ላናግረው» አለ። እኔ አጃቢ ሆንኩ እንጂ አልተፈተንኩም፤ እሱ ግን ከዚያ በኋላ ሌላ ወሬ የለውም።

የጽሑፉን ፈተና ሸምድዶ አለፈ። የጣለው የተግባሩ ነው። ፈታኙ ከሌላ ክፍል በሬዲዮ ይጠራል፤ ተፈታኙ የተሰጠውን የጥሪ መለያ ይናገራል፣ ድምፁ እንዴት እንደሚሰማው ይገልጻል፣ ይሰናበታል። በቃ።

ሙራድ ሆዬ፣ «አሰላሙ አለይኩም። እንዴት አደሩ? ቤተሰብ ደህና? እናት አባት አሉ? ከብቱስ?» ከዚያ በጉራጊኛ ደገመው። ፈታኙ «አሳጥረው» ሲለው፣ «እሺ፣ ዝናቡስ እንዴት ነው?» መለያውን ሳይናገር ሰዓቱ አለቀ።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ እስከ ቡኢ ተጨቃጨቅን። «ፈተና እኮ ነው» ብለው፣ «ይሁና። ሰላም ሳይባባሉ ወሬ አይጀመርም» አለኝ። ይቺን አባባሉን የማያውቅ ተማሪ የለም።

በሁለተኛውም ወደቀ። ባለቤቱ ቀድሞ በዘረጋው የአንቴና ሽቦ ላይ ልብስ አሰጣች። ፈታኙ ደግሞ የሚቀጥለው የመጨረሻህ ነው አለው። እኔ ፈታኝ ሆኜ አለማመድኩት፤ «እንዴት» ከአፉ በወጣ ቁጥር ጠረጴዛውን በማስመሪያ እመታለሁ።

እንደምንም ምላሱን ነክሶ አለፈ። ሲወጣ ግን ፊቱ ጠቁሯል። «ሰውየውን እንደ ግድግዳ አለፍኩት» አለኝ። ደስ ይበልህ ብለው አልሰማኝም።

ፈቃዱ መጣ። መጀመሪያ ያገኘው አንድ የፊንላንድ ሽማግሌ ነበር። አጠገቡ ነበርኩ። መለያውን በደንቡ ተናገረና፣ በዚያ በሚያስተምረው እንግሊዝኛ «እናትህ እንዴት ናቸው?» አለው።  

«ባለፈው ሳምንት ቀበርኳት» አለ ሰውየው። «የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።»

ሙራድ እንግሊዝኛው ጠፋው። በአማርኛ አጽናናው፣ በጉራጊኛ አጽናናው፣ ዱዓ አደረገለት። ሰውየው አንዱም አልገባውም፤ ግን አልዘጋም። እኔ ጥግ ይዤ አለቀስኩ።

ሙራዴ፣ አንተ የማታውቃቸውን የባሕር ማዶ እናት ለቅሶ ቡታጅራ ተቀምጠህ ደረስክ። እኔ ግን ከወልቂጤ መኪና እስካገኝ ቀብረውሃል። እንግዲህ እዚሁ ሆኜ እያለቀስኩልህ ነው፤ እንደ ደረስኩ ቁጠርልኝ። ደህና ሁን ወንድሜ።