በርበሬ የተሰጣበት ሜዳ

ነገሩ የሆነው አምና፣ በርበሬ በሚሰጣበት ወራት ነው። የሰማው ሁሉ እንደ ቀልድ ያወራዋል። እኔ ግን ባስታወስኩት ቁጥር ደሜ ይፈላል።

በወጣትነቴ ቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነበርኩ። አሁን ፍኖተ ሰላም ላይ የሴቶች ቡድን አሰለጥናለሁ፤ አልፎ አልፎም በቴሌቪዥን ኮሜንታተር ሆኜ እሠራለሁ። የቴሌቪዥን ሰዎችን ስንት ጊዜ ደጅ ጠንቼ፣ ቡሬ ሄደን ከቡሬ ልጆች ጋር የምናደርገውን ጨዋታ ሊቀርጹልን እሺ አሉ።

እንዲህ የለመንኩት ለትርንጎ ብዬ ነው። ትርንጎ ከቡሬ ወጣ ካለ ገጠር መጥታ ፍኖተ ሰላም የምትማር ተጫዋቼ ናት። አዲስ አበባ ክለብ የሚያሰለጥን የድሮ ጓደኛዬ፣ «በቴሌቪዥን ልያትና ከወደድኳት እወስዳታለሁ» ብሎኝ ነበር፤ ይህንንም ነግሬያታለሁ።

በጠዋት ቡሬ ስንደርስ የትምህርት ቤቱ ሜዳ ከዳር እስከ ዳር ቀልቷል። በርበሬ ተሰጥቶበታል! በሰፈሩ እንደዚያ ሲሚንቶ ለማስጫ የሚመች የለም፤ ጥበቃው ለጎረቤት ፈቅዷል። የበርበሬው ባለቤት ወይዘሮ አንጓች አጠገቡ ተቀምጠዋል።

«እናቴ፣ ጨዋታ አለብን እኮ» አልኳቸው።

«ተጫወቱ ልጄ፣ ማን ከለከላችሁ? እኔ ጥጉን ብቻ ነው እምፈልገው።»

ጥጉ ያሉት እስከ መሀል ሜዳ ድረስ ነው።

ለመንን፣ ተቆጣን፤ በመጨረሻ ተጫዋቾቼ ራሳቸው በርበሬውን በጆንያ ሰብስበው ሜዳውን ጠረጉት። ግን ምን ዋጋ አለው? ልጆቹ መሮጥ ሲጀምሩ ብናኙ ተነሳ። ተመልካቹ ይስላል፣ ዳኛው ፊሽካ መንፋት አቅቶታል። እኔ ቡድኑን ለረዳቴ ሰጥቼ ማይክ ይዣለሁ። «ትርንጎ ይዛ ገባች...» ብዬ ሳልጨርስ ያስነጥሰኝ ጀመር። ማቆሚያ አጣሁለት።

ያለው አንድ ካሜራ ነው። ካሜራማኑ በሳቅ እየፈረሰ ወደ እኔ አዞረው። በእጄ ወደ ሜዳው እያመለከትኩ ብለምነው ማን ሰምቶኝ! ትርንጎ በዚያ ሁሉ መሀል እንደ ልቧ ታገባ ነበር። ካሜራው ወደ እሷ የተመለሰው ቆማ ስታለቅስ ነው።

በቴሌቪዥን የቀረበውም የእኔ ማስነጠስና የእሷ ለቅሶ ብቻ ሆነ። ጓደኛዬ ደውሎ ሲስቅ ቆየና «ምኑን አይቼ ልውሰዳት?» አለኝ።

ይባስ ብሎ አባቷ አያ ታከለ ከገጠር መጡ። «መምህር፣ ልጄን አስለቅሰው ላገር አሳዩብኝ፤ ሁለተኛ አትጫወትም» አሉ። በርበሬው ነው ብዬ ማልኩላቸው።

«ኧረ ይተዉኝ! በርበሬ ማሳ ውስጥ ያደገች ልጅ በበርበሬ ታለቅሳለች?»

ትርንጎን ለብቻዋ ጠርቼ ጠየቅኋት። ኳሱን በእግሯ ታንከባልል ጀመር።

«ኮች፣ ካሜራው ወደ እርስዎ ዞሮ ሲቀር አየሁት» አለችኝ።

አያ ታከለ በስንት ልመና ልጃቸው እንድትጫወት ፈቅደዋል። የክለቡን ቦታ ግን ሌላ ልጅ ያዘችው። ትርንጎ አሁንም ለልምምድ ከሁሉም ቀድማ ትመጣለች።

ባጃጅ ስሳፈር፣ «እርስዎ ያ በቴሌቪዥን ያስነጠሰዎት ሰውዬ አይደሉም?» እያሉ ይስቃሉ። በፊት አብሬ እስቅ ነበር። አሁን ግን መድረሻዬ ሳይደርስ «ወራጅ አለ» እላለሁ።