ባዶዋ ሣጥን

ኖርዝ ዮርክ፣ ማተሚያ ቤት ነው የምሠራው። አንድ ቡልጋሪያዊ ሽማግሌ የሟች ሚስታቸውን የመታሰቢያ ወረቀት ፕሪንት ሊያስደርጉ መጡ። ጸሎቱ ሊጀመር አንድ ሰዓት ቀርቶታል። ስሟ የተጻፈው በጥንት የስላቭ ፊደል ነው፤ የመጀመሪያዋ ፊደል ግን ስክሪኔ ላይ ባዶ ሣጥን ሆና ቀረች። ያልሞከርኩት ፎንት የለም። ወረቀት ላይ በእጃቸው የጻፏትን ሳያት ቁርጥ የእኛን "ፀ"! እናንተ ብትሆኑስ? ከስልኬ የአማርኛ ኪቦርድ ወስጄ ሰካኋትና አተምኩት።

ሽማግሌው የታተመውን ሊያዩ አጉሊ መነጽር አወጡ።

"ይቺ የእኛ አይደለችም" አሉ።

"ይቅርታ አባቴ፣ የእናንተዋ ኮምፒውተር ላይ የለችም።"

"አለች እንጂ! የሚስቴ ስም ያለሷ አይጻፍም ብዬ፣ ኮምፒውተር ላይ እንድትገባ አሥር ዓመት የተሟገትኩት እኔ ነኝ።"