ቅዳሴ ያልሁት ቃል

ይዲሽ የሚባል ቋንቋ እየተማርሁ እንደሆነ ስናገር ባሕር ዳር ውስጥ የማይስቅብኝ የለም። የባጃጅ ሹፌር ሳይቀር «ምን ይሠራልሻል?» ብሎኛል። የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች ቋንቋ ነው፣ በዕብራይስጥ ፊደል ይጻፋል ብዬ ሳስረዳው ጭራሽ ባሰበት። እኔ ግን ኮሌጅ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር አንድ የይዲሽ ደራሲ በእንግሊዝኛ ትርጉም እጄ ገብቶ ለክፎኛል። አጫጭር ታሪኮቹን ወደ አማርኛ ልመልስ፣ ስለ ሥራውም ሂሳዊ ጥናት ልጽፍ ብዬ ተነሣሁ።

የመጀመሪያው አድማጬ አባቴ ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠርተዋል፤ አሁን ዓይናቸው ስለደከመ የማነብላቸው እኔ ነኝ። ወንድ ልጅ አልወለዱም። እህቴ አግብታ ከሐይቁ ማዶ ቁንዝላ ትኖራለች፤ እናቴ ከሞተች ወዲህ ከአባቴ ጋር የቀረሁት እኔ ነኝ። አዲስ አበባ የተሻለ ሥራ ተገኝቶልኝ «አባባን ለማን ጥዬ?» ብዬ ትቼዋለሁ። ማንም አላስገደደኝም። እንዲያውም በሆዴ እኮራበት ነበር። ለአባቴ እኔ እበቃለሁ ብዬ አምን ነበር፤ በዚህ ነገር አንድም ቀን ተጠራጥሬ አላውቅም።

ከታሪኮቹ ሁሉ አባቴ የወደዱት የመስኮት መስታወት የሚገጥመውን ሰውዬ ነው። ሰውዬው ያሉት ሴቶች ልጆች ብቻ ናቸው። መጨረሻው ላይ መሰላል ወጥቶ የጎረቤት መስኮት ሲጠግን፣ ጎረቤቱ «ኑሮ እንዴት ነው?» ይለዋል። እሱም «ልጆችስ አሉኝ፤ ጸሎት ግን የለኝም» ብሎ ይመልሳል። ከዚያ የምትከተለው አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፦ «ታላቋ ልጁ መሰላሉን ይዛ ቆማለች።» በቃ፣ ታሪኩ እዚያ ላይ ያልቃል።

«ጸሎት» ያለው እንግሊዝኛው ነው። ልቤ አላርፍ ብሎ ዋናውን ጽሑፍ ከኢንተርኔት አውርጄ፣ ፊደል በጣቴ እየለቀምሁ ሳነብ ቃሉ «ቃዲሽ» ሆኖ አገኘሁት። ደስታዬን አትጠይቁኝ! ቀደሰ፣ ቅዱስ፣ ቅዳሴ፤ የእኛው ቃል አይደለም እንዴ? በልጅነቴ ቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት የደገምሁ ሰው ነኝ፤ እንግሊዝኛው ተርጓሚ ከየት ሊያገኘው ይችላል? «ቅዳሴ ግን የለኝም» ብዬ መለስሁት። ጥናቴንም በዚያው ላይ መሠረትሁት። ሰውዬው ከአምልኮ የተነጠለ፣ ሰማይ የራቀው ሰው ነው አልሁ። መሰላሉ ደግሞ ወደማይደርስበት ሰማይ የቆመ ነው ብዬ ተነተንሁ። ባልደረቦቼ ይህችን የመሰላል ትንታኔ በተለይ አደነቁልኝ። ልጅቱን አንድም ቦታ አላነሣኋትም።

ይዲሽ የምታስተምረኝ ሴት ያለችው ውጭ አገር ነው፤ የምንገናኘው በቪዲዮ ነው። ጥናቱ ከመታተሙ በፊት ትስማልኝ ብዬ ሐሳቡን እየዘረዘርሁላት ስሄድ ያቺ ቃል ላይ አስቆመችኝ።

«ምን አልሽ?»

ደገምሁላት። ኔትወርክ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ወደ መስኮቱ አስጠጋሁት።

«ቃዲሽስ ጸሎት ነው» አለችኝ ቀስ ብላ። «ልጅ ለሞተ አባቱ የሚያደርሰው ጸሎት ነው። ግን በድሮው ልማድ ይህን የሚያደርስ ወንድ ልጅ ብቻ ስለነበር፣ አባቶች ወንድ ልጃቸውን ራሱን ‹ቃዲሼ› ይሉት ነበር። ሰውዬው እዚያ ላይ ጸሎት የለኝም ማለቱ አይደለም። ወንድ ልጅ የለኝም ነው የሚለው።»

መጀመሪያ የተናደድሁት በእንግሊዝኛው ተርጓሚ ነው፤ በዚያች ሰዓት ባገኘው አልምረውም ነበር። ቀጥሎ ግን ልጅቱ ትዝ አለችኝ። ልጅቱ እኮ እዚያው ናት! አባቷ ከራሷ በላይ ቆሞ፣ ጎረቤት እየሰማ «የለኝም» ሲል፣ እሷ ከሥሩ መሰላሉን ይዛለች። ብትለቀው ይወድቃል። ደራሲው አንድ ቃል እንኳ አላናገራትም፤ እንባ አልሰጣት፣ ቁጣ አልሰጣት። ይህን ሁሉ ጊዜ ሳነበው፣ ሳስተምረው፣ ስተነትነው ኖሬ ታሪኩ የእሷ መሆኑን አላየሁም።

አሁን ደግሞ አማርኛው ጠፋኝ። «ወንድ ልጅ የለኝም» ብል ደረቅ ሆነብኝ፤ ጸሎቱም ሞቱም የሉበትም። «ተዝካር አውጪ» እንዳልል፣ ተዝካሩን ደግሰን የምናወጣው እኛ ሴቶቹ አይደለን? «ስም አስጠሪ» ደግሞ ዝና ዝና ይላል። አባባን ልጠይቃቸው አልሁ።

በማግስቱ ጠዋት እንደ ልማዳችን ወደ ሐይቁ ዳር ወጣን። የእግረኛው ንጣፍ የፈረሰ ቦታ ስላለው ክንዳቸውን ይዤ ነው የምንሄደው። አንድ ሰው ከደንገሉ ጥግ ታንኳውን እየገፋ ሲያወጣ አባባ ድምፁን እስኪሰሙ ቆምንና መንገዳችንን ቀጠልን።

«አባባ» አልሁ፣ «ያ መስታወት ገጣሚው ቅዳሴ አይደለም ለካ የለኝም ያለው። ወንድ ልጅ ነው። ሲሞት ጸሎት የሚያደርስለት ማለቱ ነው። እንዲህ ያለውን በእኛ ምን ይሉታል?»

ለማሰብ እንኳ እርምጃቸውን አልገቱም።

«ቀባሪ የለኝም ነዋ!» አሉ። «ይህማ ምን ይጠየቃል? እኔስ ሰው ሲጠይቀኝ እንደዚሁ አይደል የምል?»

ጆሮዬን አላመንሁትም። እናቴ እኔን «ቀባሪዬ» እያለች ነው ያሳደገችኝ። ስትቆጣኝም ስታቆላምጠኝም ቀባሪዬ ነበርሁ። ቃሉን የራሴ ስም አድርጌ ነው የማውቀው።

«እኔስ፣ አባባ?»

«አንቺማ ልጄ ነሽ» አሉ እጄን መታ መታ አድርገው። «የእናትሽ ምትክ ነሽ፤ እግዜር ይስጥሽ። እኔ የምልሽ ቀባሪ ነው።»

ድምፃቸው ውስጥ አንዳች ክፋት አልነበረም። የበለጠ ያስደነገጠኝ ይኸው ነው። ቢቆጡ እቆጣ ነበር፤ ቢያዝኑ አጽናናቸው ነበር። እሳቸው ግን ዛሬ ነፋስ አለ እንደማለት ነው የተናገሩት። ስንት ዓመት ለስንት ሰው፣ ምናልባትም እኔው ጓዳ ሆኜ ሻይ ሳፈላ፣ እንዲህ ሲሉ ኖረዋል። አፌ ላይ የመጣው ብዙ ነበር። ንጣፉ የፈረሰበት ቦታ ደርሰን ስለነበር «እዚህ ጋ ጉድጓድ አለ፣ አባባ» ብቻ አልሁና ክንዳቸውን አጥብቄ ያዝሁ።

ከሰዓት በኋላ ቅዳሴን ሰርዤ ቀባሪን ጻፍሁ። ከዚያ የሚሻል ቃል አልተገኘም፣ ሊገኝም አይችልም፤ ይህን ደግሞ በሙያዬ አውቀዋለሁ። አባቴ «እስቲ አንብቢልኝ» አሉና ወንበራቸውን ወደ እኔ አስጠጉ።

«ልጆችስ አሉኝ፤ ቀባሪ ግን የለኝም።»

«እሰይ! አሁን ገና አማርኛ ሆነ!» ብለው አጨበጨቡ። «በይ ቀጥዪ።»

የቀረችው ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ዓይኔ እያያት ወረቀቱን አጠፍሁት።

«አለቀ፣ አባባ።»

«እንዴት ያልቃል?» አሉ ግራ ገብቷቸው። «ያች መሰላል የያዘችዋስ? አወጣሻት እንዴ?»

«አላወጣኋትም» አልሁ። «አለች፣ አባባ። አልለቀቀችም።»