በራሳቸው ስም

ከማድረቂያ ማሽን ትኩሱን የወጣ አንሶላ ሲሸተኝ፣ ዛሬም ቆም እላለሁ። አካ ትዝ ይሉኛል።

ቶሮንቶ በገባሁ በመጀመሪያው ዊንተር ነው፤ በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ላይ። ሃያ ዓመቴ ነበር። ፓርክዴል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቼ፣ መሐል ከተማ አንድ ሆቴል ምድር ቤት አንሶላ አጥፍ ነበር። ትልቅ አንሶላ ለብቻ እንደማይታጠፍ ታውቁታላችሁ። የእኔ ጥንድ ከስሪላንካ ጦርነት ሸሽተው የመጡ አንዲት የታሚል ተወላጅ መምህርት ነበሩ። "አካ በይኝ" አሉኝ፤ በቋንቋቸው ታላቅ እህት ማለት ነው። በእንግሊዝኛ ሁሉም "ዩ" ነው፤ እኔ ግን በልቤ አንቱ እላቸው ነበር።

አንድ ቀን አንሶላ ስናጥፍ፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ታሪክ ጀመሩልኝ። ባሏ የሞተባት ዓሣ ሻጭ ናት። በአገሩ ደንብ መበለት ከነጭ በቀር አትለብስም። እሷ ግን አንድ ማለዳ ሳጥኗን ከፍታ ቀይ ሳሪ ታወጣለች። እዚህ ላይ አንሶላው አለቀና እጃችን ተገናኘ።

"ከዚያስ?" አልኩ።

"ሌላ አንሶላ አምጪ" ብለው ሳቁ።

የራሳቸው ድርሰት መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። አገራቸው ሳሉ በሟች ወንድማቸው ስም ይጽፉ ነበር፤ የሴት ስም ጋዜጣ ላይ መውጣቱ ለቤተሰቡ ነውር ነው ተብሎ። ወታደሮች ቤት ለቤት ሲፈትሹ ደግሞ አካ ደብተሮቻቸውን በገዛ እጃቸው ምድጃ ከተቱ። ከዚያ ወዲህ ብዕር አልጨበጡም። ይህን በነገሩኝ ማግስት ደብተር ይዤላቸው ሄድኩ። ምሳ ሰዓት የሳሙና ካርቶን ላይ ተቀምጠው መጻፍ ጀመሩ።

በረዶው ሲቀልጥ የአገራቸው ሰዎች አንድ ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ውስጥ የቅዳሜ ከሰዓት ንባብ አዘጋጁ። የአካ ባል ግን ሰጉ። "በወንድምሽ ስም አንብቢው፤ ሰው ያወራል" አሏቸው።

"አንቺስ ምን ትያለሽ?" ሲሉ አካ ጠየቁኝ።

"እኔ የሰማሁት ከእርስዎ አፍ ነው" አልኩ።

ቅዳሜ ዕለት የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አካ ተነሡ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ስማቸውን ከነአባታቸው ስም ተናገሩ። ከፊት አንድ ሽማግሌ ብድግ ብለው ከአዳራሹ ወጡ። አካ ደብተራቸውን ገልጠው ማንበብ ጀመሩ። ቋንቋውን አልሰማም፤ ሳጥኑ የተከፈተበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ግን አወቅሁ። ሴቶቹ ሁሉ ትንፋሻቸውን ዋጡ። ሲጨርሱ፣ የሚስታቸውን ካፖርት ታቅፈው በር አጠገብ የቆሙት ባላቸው ከሁሉ ቀድመው አጨበጨቡ።

በኩዊን ጎዳና ትራም ስንመለስ ፀሐዩ በመስኮት ይገባ ነበር። አካ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ዘረጉ።

"አገሬ ስጽፍ በሩን እቆልፍ ነበር" አሉኝ። "ዛሬ ክፍት ነበር። አየሽው?"

ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። በታሚል ያሳተሙት መጽሐፍ መደርደሪያዬ ላይ አለ። ልጄ "ማሚ፣ ዋይ? አታነቢውም እኮ" ትለኛለች። እውነቷን ነው። ከመጽሐፉ ሁሉ ማንበብ የምችለው ሽፋኑ ላይ ያለውን ስማቸውን ብቻ ነው። እሱንም ራሳቸው ናቸው፣ ጣቴን ይዘው፣ ፊደል በፊደል ያስተማሩኝ።