ቢጫ ዳሊያ

እንግሊዝ አገር ሊድስ ከተማ ውስጥ፣ ከባቡር ሐዲዱ ሥር፣ የከተማው ሰው አትክልት በሚተክልባቸው የኪራይ ጓሮዎች ቅዳሜ ጠዋት የሚወራው ሌሊት እየወጣ አትክልቱን ሙልጭ አድርጎ ስለሚበላው ቅርፊት አልባ ቀንድ አውጣ ነው። ከተከራዮቹ አንዱ ክላይቭ፣ ሽታው ስቧቸው ገብተው እንዲሰምጡ ቢራ የሞላው ኩባያ አፉን ክፍት ትቶ መሬት ውስጥ ይቀብርላቸዋል።

"ጠጥተው ይሙቱ፤ እኔም የምመኘው አሟሟት ነው" ሲል የጎኑን መደብ የተከራየችውን ብሬንዳን ሻይዋ ትን እስኪላት አሳቃት።

በቅርቡ አጠገባቸው መደብ የያዘው አዲሱ ሰውዬ ግን አልሳቀም። ስሙን የሚያውቅ የለም። የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ለእጁ የጠበበ የሴት ጓንት እንደምንም አጥልቆ፣ ጥርሱን ነክሶ ይቆፍራል።

"ጎረቤት፣ ያንተዎቹንም ቢራ ልጋብዝልህ እንዴ?" አለው ክላይቭ።

ሰውዬው አካፋውን ወረወረ። "ዝም በል! ምኑ ነው የሚያስቀው?"

ብሬንዳ ደሟ ፈላ። ልትሰድበው ተነስታ አጥሩ ድረስ ሄደች።

"ምን ዓይነት ሰው ነህ? ቀልድ አይገባህም?"

ሰውዬው ወደ መደቡ ዞረ። እዚያ የቀረው ቀንድ አውጣ የበላው የዳሊያ አበባ አገዳ ብቻ ነበር።

"ሚስቴ የተከለችው ነው" አለ፣ አገዳውን በጫማው እየመታ። "ሆስፒታል በሄድኩ ቁጥር 'አበባዬስ?' ትለኛለች። ዛሬ ይፈነዳል ብያት ነበር። አሁን ምን ብዬ ልግባ?"

ብሬንዳ ያዘጋጀችው ስድብ ጠፋባት።

"ምን ዓይነት ቀለም ነበር?"

"ቢጫ!" አለ፣ ጥፋተኛዋ እሷ የሆነች ይመስል እየጮኸባት።

ብሬንዳ ወደ መደቧ ተመልሳ ያላትን ቢጫ ዳሊያ ሁሉ ቆረጠች።