የሙሽራ ቀሚስ ይዘን ሮም የቀረን ጊዜ

ነገሩ በጠቅላላው ስድስት መቶ ሰማንያ የካናዳ ዶላር ፈጅቶብኛል። አልጋው፣ ምግቡ፣ ስልኩና ትኬቱን ለማስተካከል የከፈልኩት ሁሉ ተደምሮ ነው። እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ቶሮንቶ፣ ኤግሊንተን ዌስት መንገድ ላይ ሻንጣ እሸጣለሁ። ያለ እቅድ ገንዘብ ሲወጣብኝ ለወራት ያንገበግበኛል። ሳስበው የማያንገበግበኝ ወጪ ይሄ አንዱ ብቻ ስለሆነ ነው የምጽፍላችሁ።

ጊዜው በፈረንጆች አቆጣጠር ዘጠናዎቹ መሃል ላይ፣ ወሩ ጥር ነበር። የባለቤቴ የፀዳለ ታናሽ እህት ማርታ አዲስ አበባ ልታገባ ሆነ። ፀዳለ ስትሰደድ ማርታ ገና የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፤ ከዚያ ወዲህ አልተያዩም። እናታቸው በሕይወት የለችም። ስለዚህ ሙሽራዋን የምታለብሰው ፀዳለ ናት፣ ቬሎውም ከቶሮንቶ ይምጣ ተብሎ ተወሰነ። ሰርጉ እሁድ ነበር። ሙሽራዋ ሌላ ቀሚስ አላዘጋጀችም።

ፀዳለ ያኔ ሬክስዴል አካባቢ አንድ ሆቴል ላውንደሪ ውስጥ ትሠራ ነበር። ቀሚሱን ከሱቅ ሱቅ ዞራ፣ ሦስቴ መልሳ፣ በመጨረሻ የምትፈልገውን አገኘች። ጉዟችን ሲደርስ ግን ሻንጣ ውስጥ አይገባም አለች።

«ይጨማደዳል፣ ወይም ይጠፋል። በእጄ ነው የምይዘው።»

ይህን የምትለው ሻንጣ ለሚሸጥ ባሏ ነው። ምን ልበላት፣ ሻንጣዎቼን ታውቃቸዋለች።

ትኬቱን የቆረጥነው ከሱቄ ብዙም ከማይርቅ የጉዞ ወኪል ነው፤ ከቶሮንቶ ሮም፣ ከሮም አዲስ አበባ። ቡክ ያደረገችልን ልጅ የኔን ስም አስተካክላ ጻፈች። የፀዳለን ስትጽፍ ግን የኔን አባት ስም ቀጠለችላት፤ «ሚስስ ፀዳለ ደምሴ» ሆነች። ደምሴ የኔ አባት ነው። የፀዳለ አባት በላቸው ይባላል፤ ፓስፖርቷም የሚለው እሱን ነው።

እቤት፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ፣ ትኬቱን ስሰጣት አየችውና፣

«አባትህን አገባሁ ማለት ነው?» አለችኝ።

«ጥሩ ሰው ነው፣ አትጎጂም።»

ሳቅንና መሳቢያ ውስጥ ከተትነው። እዚህ አገር ስለ ስም ያልተከራከርነው ሰው የለም። የባንኩ ሰው፣ የስልኩ ሰው፣ አከራያችን፣ ሁሉም ባልና ሚስት ከሆናችሁ ስማችሁ ለምን ተለያየ ይላሉ። መጀመሪያ ሰሞን እኛም ቁጭ ብለን እናስረዳ ነበር፤ አባት፣ አያት፣ እያልን። በኋላ ሰለቸንና ለጠየቀን ሁሉ «አዎ፣ ያው ነው» ማለት ጀመርን። ይህ «ያው ነው» የሚባለው ነገር ቶሮንቶ ውስጥ ብዙ ሥራ ሠርቶልናል። ስንነሳም ኤርፖርት ላይ ማንም ምንም አላለን።

ረቡዕ ጠዋት ሮም ገባን። ወደ አዲስ አበባ የሚያሳፍሩት ጋ ስንቀርብ ወጣቱ ሠራተኛ ትኬቱን አየ፣ ፓስፖርቱን አየ፣ ፀዳለን አየ።

«ይህ ትኬት የሌላ ሴት ነው» አለ በተሰባበረ እንግሊዝኛ።

«የሷ ነው፤ ሚስቴ ናት። ስሟ ደምሴ ነው» አልኩት።

«ፓስፖርቱ በላቸው ይላል።»

«እሱም ስሟ ነው።»

«የትኛው ነው ታዲያ?»

«ሁለቱም። ያው ነው።»

ነገሩን ያበላሸሁት እዚህ ላይ ነው። ሁለት ስም አለኝ የምትል ሴት ለኤርፖርት ሰው ምን እንደምትመስል አሁን ይገባኛል። ልጁ አለቃውን ጠራ፣ አለቃው ፖሊስ ጠራ፣ ፖሊሱ ቀሚሱን ከልባሱ አስወጥቶ እጅጌው ውስጥ ሳይቀር ዳበሰ። ፀዳለ ፖሊሱ እጁን መታጠቡን ጠይቅልኝ አለችኝ። አልጠየቅሁም። ይህ ሁሉ ሲሆን አውሮፕላኑ ሄደ።

የሚቀጥለው በረራ ቅዳሜ ነው አሉን። በዚህ ትኬት ግን ቅዳሜም አትሳፈርም፤ ከተማ ወዳለው ቢሯችን ሄዳችሁ አስተካክሉ አሉን። አዲስ ትኬት እንዳልገዛላት ዋጋው ከያዝነው ሁሉ በላይ ነው። ሻንጣዎቻችን እዚያው ተቀመጡ። እኛ አንድ የእጅ ቦርሳና አንድ የሙሽራ ቀሚስ ይዘን ሮም ከተማ ገባን።

ባቡር ጣቢያው አጠገብ ትንሽ ፔንሲዮን አገኘን። እኔ የማውቀው ጣሊያንኛ ልጅ ሳለሁ መርካቶ ጋራዥ ውስጥ የለቀምኩትን ነው፤ ካቻቪቴ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ። አልጋ ለመከራየት አንዱም አይጠቅምም። የፔንሲዮኑ ባለቤት፣ ጠና ያለች ወፍራም ሴትዮ፣ እኔን አልሰማችኝም። ቀሚሱን አየች፣ ፀዳለን አየች፣ ደረቷን በእጇ ይዛ «ስፖዚ» አለች። ሙሽሮች ማለቷ ነው። ከዚያ የትንሿን ክፍል ዋጋ አስከፍላን ባለ በረንዳውን ትልቁን ክፍል ከፈተችልን።

በሩ እንደተዘጋ ፀዳለ ዞረችብኝ።

«ሙሽሮች አይደለንም በላት።»

«በምን ቋንቋ?»

«ስትፈልግ ታገኘዋለህ። ዋሽተህ ነው ያስቀነስከው።»

«አልዋሸሁም፤ ዝም ነው ያልኩት። ዋጋ የሚቀንስ ስህተት የሚያርም ነጋዴ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

አልሳቀችም። ቀሚሱን ቁምሳጥኑ ላይ ሰቅላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ያን ቀን ውሃ እንጂ ሌላ ነገር አልቀመሰችም።

ከሰዓት አየር መንገዱ ቢሮ ሄድኩ። ትኬቱን የቆረጠው ወኪል ስሙ ስህተት መሆኑን ያረጋግጥ አሉኝ። ቶሮንቶ ሥራ የሚገባበትን ሰዓት ጠብቄ ደወልኩ።

«ስህተት የለውም እኮ፤ ሚስትህ አይደለችም?» አለች ልጅቷ።

«ናት። ግን የያዘችው የአባቷን ስም ነው።»

«ካገባች በኋላም?»

«ባል ነው ያገባችው እንጂ አባት አልቀየረችም።»

እንግዲያው የጋብቻ ወረቀታችሁን ፋክስ አድርግልኝ አለችኝ። እኛ የተጋባነው ሱዳን፣ ገዳሪፍ፣ ስደተኛ ሳለን ነው። ሁለት ሽማግሌዎች ባሉበት ሻይ ተጠጣ፣ አለቀ። ወረቀት የሰጠን የለም። ፋክሱን ብልክስ ምኑን ነው የምልከው። ስልኩን ዘጋሁት፤ ቆጣሪው ግን እስከዚያ ሲሮጥ ቆይቷል።

ሐሙስ ከሰዓት፣ ፀዳለ ቀሚሱን እንደታቀፈች፣ ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ቆመን እየተጨቃጨቅን ነበር። እኔ አንቺ እዚህ ቆዪ፣ እኔ ብቻዬን ቀሚሱን ይዤ ቅዳሜ ልሂድ እላለሁ። እሷ ደግሞ እህቴን አንተ ነህ የምታለብሳት ትላለች። ክርክሩን ያሸነፈችው እሷ ነች፤ ግን የሚጠቅመን ነገር አልነበረም።

«አንተ ወንድሜ» የሚል ድምፅ ከኋላዬ መጣ። «ሙሽራ ላይ በአደባባይ አይጮህም።»

ዞር ስል ሃምሳ ዓመት የሚሆናት፣ ነጠላዋን በካፖርቷ ላይ ጣል ያደረገች ሴት ናት። አካባቢው ሁሉ ሐበሻ ሴቶች ነበሩ። ለካ ሐሙስ ከሰዓት የቤት ሠራተኞች እረፍት ነው፤ ሁሉም እዚያ ይገናኛሉ። የሴትዮዋ ስም ለተብርሃን ነው፤ የአስመራ ሰው ናት፣ ሮም ብዙ ዓመት ኖራለች። ፀዳለ ሁሉንም ነገር ነገረቻት፤ ከማርታ ጀምራ እስከ ፖሊሱ እጅ።

«ለትኬት ሰዎቹ ምን አላችኋቸው?» አለች ለተብርሃን።

«ሁለቱም ስሟ ነው አልኳቸው» አልኩ።

«ወይ አንተ። ለምንድን ነው እንደዚያ ያልካቸው?»

«ለማሳጠር ብዬ ነው፣ እትዬ።»

«አሳጥረህላታል። ኑ፣ ቢሮው ሳይዘጋ።»

ትራም ውስጥ ገባን። ቦታ አልነበረም። አንድ ባርኔጣ ያደረገ ሽማግሌ ብድግ ብሎ መቀመጫውን ለቀቀ፤ ፀዳለ ልትቀመጥ ስትል ቀሚሱን አሳያት። ወንበሩን የለቀቀው ለቀሚሱ ነበር። ቀሚሱ ተቀመጠ፣ እኛ ቆምን።

ቢሮው ውስጥ የዚያን ቀን የነበሩት መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ ትልቅ ሰው ናቸው። ለተብርሃን በጣሊያንኛ ነገሩን ከሥሩ ጀመረችላቸው። እኔ በየመሃሉ «ሚስቴ ናት» ልል ስል በክርኗ ትጎሽመኛለች። ሰውየው አንድ ነገር ጠየቁ፤ መለሰችላቸው። ከዚያ መነጽራቸውን አውርደው ትኬቱን አዩና ሳቁ።

«ምን አሉ?» አለች ፀዳለ።

«እዚያ አገር ሴት ስታገባ ስሟን አትቀይርም ወይ አሉኝ። አትቀይርም አልኳቸው። የኔም ሚስት አልቀየረችም፣ እዚህም መታወቂያዋ ላይ ያለው የአባቷ ስም ነው፤ ይህን የጻፈው ማን ጅል ነው አሉ።»

«ካናዳ ነው የተጻፈው በያቸው» አልኩ።

ነገረቻቸው። ሰውየው «አ» ብለው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ፤ ሐኪም የበሽታውን ስም ሲያገኝ እንደሚያደርገው። መቀጫ አስከፈሉኝ፤ ሳልከራከር የከፈልኩት ብቸኛው መቀጫ ነው። አሮጌውን ትኬት ሰርዘው አዲስ ጻፉ፤ ፀዳለ በላቸው፣ ቅዳሜ፣ አዲስ አበባ። ዓመታት ቶሮንቶ ስናስረዳው የኖርነው ነገር ሰውየው ገና ሳይነገራቸው የሚያውቁት ነበር።

ፀዳለ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። ቀሚሱን ጭኗ ላይ አስተካከለችው። ከዚያ፣ «ራበኝ» አለች።

ለተብርሃንን ራት ካልጋበዝን ብለን ያዝናት። ቲማቲም ብቻ ያለበት ፓስታ በላን። እኔ ኪሴን ስፈትሽ እሷ ቀድማ ከፍላ ነበር። ልከራከር ስል፣

«አንተ መቀጫ ከፍለሃል፤ ለዛሬ ይበቃሃል» አለችኝ።

አርብ የኛ ቀን ሆነ። የሚሠራ ነገር የለ፣ የሚያሰጋ ነገር የለ። ሰው ሮም ሄደህ ምን አየህ ብሎ ሲጠይቀኝ ቤተ ክርስቲያኑንም ፏፏቴውንም አይቻለሁ እላለሁ፤ እውነትም አይተናል። እኔ የወደድኩት ግን ገበያውን ነው። አንድ ሻንጣ ሻጭ አግኝቼ ዋጋ ጠየቅሁት። ነገረኝ። ሻንጣውን ገልብጬ የዚፑን ጫፍና የጎማውን ብሎን ሳይ ሰውየው ፈገግ አለና ዋጋውን በግማሽ ቀነሰ። እኔም ፈገግ አልኩ። ጣሊያን ሠራሽ እያልኩ ኤግሊንተን ላይ የምሸጠው ሻንጣ ቁርጥ እሱ ነው፤ የሁለታችንም ከሩቅ ምሥራቅ ነው የሚመጣው። ቋንቋ ሳንግባባ ግማሽ ሰዓት ስለ ዚፕ አወራን። ምንም አልገዛሁም፤ እሱም አልተቀየመኝም።

ቡና ቤቱ ደግሞ አለ። ቀሚሱን ፔንሲዮኑ ውስጥ ትቶ መውጣት ፀዳለ እምቢ ስላለች አርብም ይዘነው ነው የዞርነው። ባለቤቱ ሁለት ማኪያቶ አቀረበልንና ሂሳብ ስጠይቅ ወደ ቀሚሱ አመልክቶ አትክፈል በሚል እጁን አወዛወዘ። ሌላ ቡና ቤት ገባን፤ እዚያም እንዲሁ። ሦስተኛ እንግባ ስላት ፀዳለ ክንዴን ይዛ አስቀረችኝ።

አመሻሽ ላይ ስንመለስ የፔንሲዮኑ ሴትዮ ካውያዋን አሙቃ ጠበቀችን። ቀሚሱን ከፀዳለ ተቀብላ፣ ንጹሕ አንሶላ አንጥፋ፣ ፖሊሱ የጨማደደውን እጅጌ ሳይቀር ተኮሰችው። ስትጨርስ በነጭ ጨርቅ የታሰረ፣ በስኳር የተለበጠ ለውዝ አምጥታ ፀዳለ እጅ ላይ አስቀመጠች። የሙሽራ ነው መሰለኝ፤ ጉንጯን ሳመቻት።

ይህን ጊዜ እኔም አፈርኩ። በምልክትም ቢሆን እውነቱን ልንገራት ብዬ አፌን ስከፍት ፀዳለ እጄን ያዘችኝ።

«ተዋት» አለች። «ለኔ እስከ ዛሬ ማንም አላመጣልኝም።»

«ገዳሪፍ ሻይ ነበር» አልኳት።

«ነበር። ስኳሩ አልቆ።»

በረንዳው ላይ ቁጭ ብለን ለውዙን በላን። መንገዱ ላይ መኪና ይንጫጫል። ተጋብተን ከኖርንበት ዘመን ሁሉ፣ ነገ የት እንሆናለን ሳንል የተቀመጥንበት የመጀመሪያው ምሽት እሱ ነበር።

ቅዳሜ ያው ወጣት ትኬቱን አየ፣ ፓስፖርቱን አየ፣ ፀዳለን አየ፣ አሳለፈን። እኔ ምንም አልተናገርኩም፤ ፀዳለ አስጠንቅቃኝ ነበር። እሁድ ጎሕ ሲቀድ አዲስ አበባ ወረድን። ማርታ የቤት ልብሷን እንደለበሰች ኤርፖርት በር ላይ ቆማ ነበር፤ እንቅልፍ የሚባል አላየችም። እህትማማቾቹ ሲተቃቀፉ ቀሚሱን የያዝኩት እኔ ነኝ። ወገቡ ትንሽ ሰፋ፤ ፀዳለ በመርፌ ቁልፍ ያዘችውና ሙሽራዋ በሰዓቷ ወጣች።

አሁን ሰው ስለ ስማችን ሲጠይቀኝ «ያው ነው» አልልም። ሱቅ ውስጥ ወረፋ ቢኖርም ቁጭ አድርጌ ከአያት ጀምሬ አስረዳለሁ። ፀዳለ እንግዳ ሲመጣ ሮምን የጫጉላችን ከተማ ትላታለች። ሰዎች ሀብታም የነበርን ይመስላቸዋል፤ እኔም አላርማቸውም። ያች ሐሙስ ባትኖር ምን እንሆን ነበር ብዬ እስከ ዛሬ አስባለሁ።

ስንመለስ ቶሮንቶ ኤርፖርት ላይ ኪሴ ውስጥ የነበረው አሥራ አንድ ዶላር ነው። ታክሲ አይታሰብም። ለሁለት ሰው ባስ አራት ዶላር ከፈልኩ። ቀሪ ሰባት ዶላር።