ሚዛኑና ሰባቱ ቀፎዎች

ሰውየው እናት አባቱ ያወጡለት ስም ነበረው፤ ግን ሠላሳ አራት ዓመት ያገለገለበት የእህል መጋዘን ያን ስም ውጦ «ሚዛኑ» የሚል መለሰለት። ነገሩ እንዲህ ነው። ጆንያ ከመኪና ሲወርድ በቀኝ እጁ ጨበጥ ያደርገውና ከመሬት አንድ ጣት ያህል ብድግ አድርጎ «አርባ ዘጠኝ» ይላል። የብረቱ ሚዛን ላይ ሲወጣ አርባ ዘጠኝ ነው። ሁለቱ አልስማማ ካሉ ሠራተኞቹ ብረቱን ያስፈትሹ ነበር እንጂ ሰውየውን አይጠረጥሩም። አንድ ጊዜማ እውነትም ብረቱ ተበላሽቶ ተገኘ። ከዚያ ወዲያ ሰውየውን ማን ይቻለው! «ሚዛኑ ካለ አለቀ» የሚለው ነገር የመጋዘኑ ሕግ ሆኖ ቀረ።

ጡረታ ሲወጣ ከዚያ መጋዘን ያተረፈው ነገር ቢኖር ይኸው ስምና ንብ ነው። ንቦቹ የመጡት ቀደም ብሎ ነበር። አንድ ቀን ከመጋዘኑ ጣሪያ ሥር የንብ መንጋ አረፈ፤ ሰው ሁሉ ጭስ ይዞ ሲራወጥ እሱ በባዶ ካርቶን አራግፎ፣ ክዳኑን በሲባጎ አስሮ፣ በአውቶቡስ ወደ ቤቱ ይዟቸው ገባ። ተሳፋሪው እግሩ ሥር ምን እንደተቀመጠ ቢያውቅ ኖሮ ሾፌሩም ሳይቀር በመስኮት ይወርድ ነበር። ያ አንድ ካርቶን ተራብቶ ዛሬ ከቤቱ ጀርባ፣ በአጥሩ ሥር፣ ጡብ ላይ የተደረደሩ ሰባት የእንጨት ቀፎዎች ሆኗል። ልጆቹ አድገው በየፊናቸው ስለሄዱ በግቢው የቀሩት እሱ፣ ልብስ ሰፊዋ ሚስቱና እነዚህ ንቦች ናቸው። ሚስቱ ከእኔ ይልቅ ከንቦቹ ጋር የምታወራው ይበዛል እያለች ታማርራለች። እሱም እነሱ ስለማይመልሱልኝ ነው ይላታል።

ብርዱና ዝናቡ ከመግባቱ በፊት በየዓመቱ የማይቀር አንድ ሥራ አለ። ንብ በክፉ አየር አትወጣም፤ ቤቷ ተቀምጣ ያጠራቀመችውን ነው የምትበላው። ስለዚህ ስንቋ መብቃት አለመብቃቱን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ሌላው ሰው ቀፎውን ከፍቶ ያያል። ሚዛኑ ግን ይህን ይጠየፋል፤ በብርድ ቀን ቀፎ መክፈት የተኛ ሰው ላይ ብርድ ልብስ እንደ መግፈፍ ነው ባይ ነው። እሱ ከቀፎው ጀርባ ይዞርና ጣቶቹን ከሥሩ አስገብቶ ትንሽ ብድግ ያደርገዋል። ከከበደው ማር አለ ማለት ነው። ከቀለለው ስኳር በወፍራሙ በጥብጦ ይሰጣቸዋል። ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲያደርግ አንድም መንጋ በረሃብ ሞቶበት አያውቅም።

ዘንድሮም እንደ ልማዱ ዞረ። የመጀመሪያውን አነሳ፤ ከበደው። ሁለተኛውን አነሳ፤ እሱም ከበደው። ሰባተኛው ላይ ሲደርስ ፊቱ እንደ ሙሽራ ፈክቶ ነበር። እንዲህ ያለ የማር ዓመት አይቼ አላውቅም አለ። ለወትሮው ስኳር የሚያስቀምጥለት ጎረቤቱ ዳቦ ጋጋሪው በአጥር ላይ ብቅ ብሎ ስንት ኪሎ ላምጣ ቢለው፣ አንድ ማንኪያ አልፈልግም፣ ዘንድሮ እነሱ ናቸው ለአንተ የሚያበድሩህ ብሎ መለሰው። ሚስቱ መስኮቱ ሥር ከልብስ መስፊያ ማሽኗ ኋላ ተቀምጣ ይህን ሰማች። መርገጫውን አቆመች፣ የሆነ ነገር ልትል አፏን ከፈተች፣ ከዚያ ሆድ ይፍጀው ብላ መልሳ መስፋት ጀመረች።

ከዚያ ዝናቡ መጣ። መጣ ብቻ አይደለም፣ ገብቶ ተቀመጠ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ፀሐይ የሚባል ነገር ጠፋ። የታጠበ ልብስ አልደርቅ፣ የጫማ ሻጋታ አልወጣ አለ። በአራተኛው ሳምንት አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ጋብ ሲል፣ ሚዛኑ ወደ ጓሮ ወጥቶ ቀፎዎቹን ቃኘ። በአጥሩ ጥግ ያለችው የመጀመሪያዋ ቀፎ በር ላይ አንዲትም ንብ የለችም። አንኳኳ፣ ድምፅ የለም። ክዳኑን ሲያነሳው ንቦቹ በሺህ የሚቆጠሩ ሆነው እዚያው የማር እንጀራው ላይ ሞተዋል፤ ሁሉም ጭንቅላታቸውን ባዶዎቹ የሰም ቀዳዳዎች ውስጥ ቀብረው፣ የሚታየው ጅራታቸው ብቻ ነው። የመጨረሻዋን ጠብታ ሲልሱ ነው የሞቱት። ይህን ንብ ያረባ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ረሃብ ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

እሱ ግን ሌላ ስም ፈለገለት። ለሚስቱ እርጥበት ነው አላት። ለዳቦ ጋጋሪው ንግሥቲቱ አርጅታ ነበር አለው። ሚስቱ ለማንኛውም ለቀሩት ስኳር ብትሰጣቸውስ ብትለው፣ ትናንት በእጄ አንስቻቸዋለሁ፣ እንደ ድንጋይ ይከብዳሉ ብሎ ተቆጣ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ የኛ ሰውዬም እጁን ከመጠርጠር ዓለምን መጠርጠር ቀለለው። በአምስተኛው ቀን ሁለተኛዋ ቀፎ ሞተች፤ እንደዚያው፣ ጅራታቸውን ወደ ውጭ አድርገው። የዚያን ዕለት ምሳ አልበላም። አምስት ቀሩ፤ ዝናቡ ግን ገና ብዙ ቀን ይቀረው ነበር።

ነገሩን ያወጣው የልብስ መስፊያ ማሽን ነው። በመስኮቱ በኩል ጣሪያው ማፍሰስ ስለጀመረ ሚስቱ ማሽኑን ወደ ወዲያኛው ግድግዳ አዛውርልኝ አለችው። ይህ ማሽን ከተጋቡ ጊዜ ጀምሮ እቤት ውስጥ ያለ፣ የብረት እግር ያለው ሽማግሌ ነው፤ ባለፉት ዓመታት ስንት ጊዜ እሱ ብቻውን አቅፎ አዛውሮታል። ዛሬም አቀፈው። ሁለት እርምጃ ሄደና ክፍሉ መሐል ላይ አስቀመጠው። እያለከለከ «ይሄን ማሽን ምን አደረግሽው? ብረት ጨመርሽበት እንዴ?» አላት።

ሚስቱ ልትስቅ ጀመረች። ከዚያ ፊቱን አየችና ሳቋን ዋጠችው።

«ማሽን አይወፍርም እኮ» አለችው ቀስ ብላ።

ሰውየው ቀኝ እጁን እንደ ሰው ዕቃ አገላብጦ አየው። ወደ ማድቤት ሄደ፣ ሁልጊዜ ከቧንቧው የሚያመጣውን የውሃ ጄሪካን አነሳ፤ ጄሪካኑ እንደ ሁልጊዜው ቀላል ነው። ተስፋ አድርጎ ተመለሰ። ጄሪካኑን እንደ ድሮዬ ነው የማነሳው፣ ታዲያ ማሽኑ ምን ሆኖ ነው አላት።

እሷ በዚህ ጊዜ ማልቀስ ጀምራ ነበር። «ግማሽ ነው» አለችው። «ከዓመት በላይ ሆነ፣ ግማሽ ነው የምቀዳልህ።»

ከዚያ በኋላ ሁሉንም ዘረገፈችው። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ደረጃው ላይ ግድግዳ ተደግፎ ክንዱን ሲያሽ አይታዋለች። ከመጋዘን የወጣ ሰው፣ ስሙ ሚዛኑ የሆነ ሰው፣ ጉልበትህ ከዳህ ብትለው ቅስሙ ይሰበራል ብላ ፈራች፤ አንጀቷ አልቻለም። ስለዚህ እሱ ሳይነሳ ወደ ቧንቧው እየሄደች ጄሪካኑን እስከ ግማሹ ብቻ ትሞላለች። ዳቦ ጋጋሪውንም ለምናው ዱቄቱን በትልቅ ጆንያ መላክ ትቶ በትንንሽ ከረጢት ይልካል። ጭራሽ ፀሐይ የሞቀው፣ አገር ያወቀው ጉዳይ ሆኖ ሳለ ያላወቀው እሱ ብቻ ነበር። ቀፎዎቹን አንስቶ ከበዱ ሲል ደንግጣለች፤ ግን የዓመት ውሸቷን ማውጣት ፈራች። ዓመት ሙሉ ሁሉ ነገር እየቀለለለት፣ ያልቀለሉት ቀፎዎቹ ብቻ ነበሩ፤ እና ከባድ መሆናቸውን እንደ ማር ቆጠረው።

ሚዛኑ ማሽኑ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ቁጭ አለ። ይቆጣል ብላ ጠብቃ ነበር። እሱ ግን «እና ንቦቹን የገደልኳቸው እኔ ነኛ» አለ።

«ሁለታችን ነን» አለችው። «እኔ ባልደብቅህ ኖሮ አንተ አትሳሳትም ነበር።»

ጣሪያው ባልዲ ውስጥ ጠብ ጠብ ይላል። ከዚያ ሰውየው ተነሳና ተነሺ አላት። ወዴት ብትለው ወደ ቀፎዎቹ አላት። ሃያ ዓመት ሙሉ እዚያ አጥር አጠገብ ደርሳ የማታውቅ ሴት ናት፤ ንብ ስታይ ቀሚሷን ሰብስባ ነው የምትሮጠው። የሚገርመው የእሱን የፊት መሸፈኛ ሁሉ የሰፋችው እሷ ናት፤ መረቡን፣ ላስቲኩን፣ የአንገት ማሰሪያውን፣ አንዱንም ግን ለብሳው አታውቅም። ለበሰችው። ከኋላው ተከተለችው። መረቡ ውስጥ ሆና ሳለ ይሄ በአፍንጫው በኩል ጠባብ ነው፣ ለምን አልነገርከኝም ብላ ወቀሰችው።

አነሳሷን አሳያት፤ ጣት ከሥር፣ ጉልበት ሸብረክ፣ አንድ ጣት ያህል ብቻ። አነሳችና ከባድ ይሁን ቀላል አላውቅም፣ ከምን ጋር ላወዳድረው አለችው። ልክ ነበረች፤ የእሷ ክንድ ሠላሳ አራት ዓመት ጆንያ አላነሳም። ሚዛኑ አሰበ። ከዚያ ወደ አጥሩ ጥግ፣ ወደ ሞተችው የመጀመሪያዋ ቀፎ ወሰዳት። «ይቺ ባዶ ናት» አላት። «እሷን አንሺና ክንድሽ ላይ ያዢያት። ከእሷ የማይለይ ሲያጋጥምሽ ንገሪኝ።» እንዲህ ብሎ ሲናገር ድምፁ ተሰበረ።

የሞተችውን አነሳች። ከዚያ በሕይወት ያሉትን አምስቱን በየተራ አነሳች። ሦስቱ ከሞተችው አይለዩም አለችው። ሁለቱ ትንሽ ይሻላሉ፣ ግን ትንሽ ብቻ። ሚዛኑ እሷ ከጨረሰች በኋላ እያንዳንዱን ራሱ ደግሞ አነሳ፤ አሁንም ሁሉም ከበዱት። 

ዳቦ ጋጋሪው ተጠርቶ መጣ፤ ለኬክ የሚያስፈጨውን የላመ ስኳር ተሸክሞ። ለቀልድ የማያንስ ሰው ነው፣ ብድሩን ሊመልሱ ነው እንዴ ጋሼ ሊል ዳር ዳር ካለ በኋላ የሁለቱን ፊት አይቶ ተወው። ሚዛኑ በዚህ ብርድ የስኳር ብጥብጥ እንደማይሆን አስረዳቸው፤ ንቦቹ ውሃውን የሚያተኑበት ሙቀት የላቸውም፣ ሆዳቸው ይበላሻል። ስለዚህ ስኳሩን በጥቂት ውሃ እንደ ሊጥ ጠጠር አድርጎ መለወስ ነው። ሚስቱ ለወሰችው። እጇ ጨርቅ ስትለካ የኖረ እጅ ስለሆነ አምስቱንም እኩል አድርጋ ጠፈጠፈቻቸው። በጋዜጣ ላይ አድርገው፣ ክዳኑን ከፈት፣ የማር እንጀራውን የያዙት ፍሬሞች አናት ላይ ሊጡን ጣል፣ ክዳኑን ግጥም። እሱ ይከፍታል፣ እሷ ታስገባለች። አንዷ ንብ ነደፈቻት። ጮኸች፣ ሊጡን ግን አልጣለችውም።

ለዚያ ሊጥ ውሃ ስትቀዳ ነው «ከዛሬ ጀምሮ ሙሉውን ቅጂ» ያላት። ሞልታ ቀዳችው፤ ጄሪካኑን በአንድ እጀታ ሁለት ሆነው፣ እግራቸው እየተጋጨ፣ ውሃው እየተንቦጫረቀ ተሸክመውት ገቡ። ዳቦ ጋጋሪው ከንፈሩን ነክሶ ወደ ሌላ አቅጣጫ አየ።

ዝናቡ ሌላ አሥራ ስድስት ቀን ቆየ። በየአራት ቀኑ እሷ ትወጣለች፣ መጀመሪያ የሞተችውን አንስታ ክንዷን ታስታውሳለች፣ ከዚያ የቀሩትን ታነሳለች፤ ቀለለ ያለችው ሊጥ ይጨመርላታል። እሱ ከኋላዋ ቆሞ ቀን ይቆጥራል።

በአሥራ ሰባተኛው ቀን ፀሐይ ወጣች። ሦስቱም እየሮጡ ወደ ጓሮ ወጡ ማለት ይቻላል፤ ዳቦ ጋጋሪው ሳይቀር፣ ዱቄት በነካው ልብሱ። አራቱ ቀፎዎች ደጃቸው ላይ ንብ ተንጋግቶ ይወጣል፣ ይገባል። አምስተኛዋ፣ ከሁሉም ቀላል የነበረችው፣ ጸጥ ብላለች። በሯ ላይ ጥቂት የሞቱ ወድቀዋል። ሚዛኑ ተንበርክኮ ጆሮውን ከእንጨቱ ላይ አጣበቀ። ቆየ። ዳቦ ጋጋሪው ከላይ ሆኖ «ምን ይላሉ ጋሼ፣ አለቁ እንዴ?» ብሎ ጠየቀ።

የድሮው ሚዛኑ ቢሆን አዎ ወይም አይደለም ይል ነበር፤ ነገሩም በዚያው ያልቅ ነበር። አሁን ግን ቀና አለና መሬቱን እያየ ምንም አልሰማሁም አለ። ቀጥሎም ጆሮዬም እንደ እጄ ሊሆን ይችላል አለ፤ ይህን በሰው ፊት ሲናገር የመጀመሪያው ነው። ከዚያ ለሚስቱ ቦታ ለቀቀላት።

እሷ መሸፈኛ እንኳ አልለበሰችም። ተንበረከከች፣ ፀጉሯን ከጆሮዋ ላይ ገለል አደረገች፣ ጆሮዋን አስጠጋች። ፀሐይዋ ጀርባዋን ታሞቀው ነበር። ሁለቱ ወንዶች ትንፋሻቸውን ይዘው ቆሙ።

«አሉ» አለች። «ቀስ ብለው ነው፤ ግን አሉ።»

ዳቦ ጋጋሪው እውነት ነው ወይ በሚል ዓይን ወደ ሰውየው ዞረ።

«እሷ ካለች አለቀ» አለው ሚዛኑ፤ ሄዶም ሊጡን ራሱ መለወስ ጀመረ።